በቀጭን ኪስ ወደ ቢቸናና ሞጣ

ለውጭ አገር ጎብኚ በሚታተሙ ካርታዎች ላይ ጎጃም ከባሕር ዳርና ከጢስ ዓባይ እምብዛም አያልፍም። ከአዲስ አበባ የተነሣው እንግዳ ወይ በአውሮፕላን ከላይ ያልፈዋል፤ ወይ በመኪና ዓባይን ተሻግሮ በደብረ ማርቆስ በኩል ይገሰግሳል። ደጀን ላይ ግን ሌላ መንገድ ይገነጠላል። ቢቸናን፣ ደብረ ወርቅንና ሞጣን እየነካ ባሕር ዳር ይገባል። ግራና ቀኙ የዲማ ጊዮርጊስ፣ የመርጡለ ማርያምና የሰባራ ድልድይ አገር ነው። «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ያነበበ ሁሉ ፊታውራሪ መሸሻ የት ይኖሩ እንደነበር ያውቃል፤ ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ያሳተሙት ልቦለድ ዲማን አይቶት ለማያውቅ ሰው እንኳ የራሱ ሰፈር አድርጎለታል። በላይ ዘለቀ ጣሊያንን መፈናፈኛ ያሳጣውም በዚሁ ምድር ነው። ያም ሆኖ ላሊበላን የሚጠይቅ የውጭ አገር ሰው ሞልቶ፣ ቢቸናን የሚጠይቅ ማግኘት ከባድ ነው።

ምክንያቱ የቅርስ ማነስ አይደለም። በ1950ዎቹ ሀብተ ሥላሴ ታፈሰ የአገሪቱን ቱሪዝም አደራጅተው «የ13 ወር ፀጋ» ብለው ለዓለም ሲያስተዋውቁ፣ የጎብኚው ጉዞ የተሳሰረው ከአየር መንገዱ በረራ ጋር ነበር። ባሕር ዳር፣ ጎንደር፣ ላሊበላ፣ አክሱም የሚለው ሰንሰለት አውሮፕላን የሚያርፍበትን ተከትሎ የተዘረጋ ነው። ለዚያ ዘመን ብልህ ዕቅድ ነበር፤ አስፋልት እምብዛም ባልነበረበት አገር ሌላ ምን ይደረግ? ዛሬም ግን አስጎብኚ ድርጅቱ፣ የጉዞ መጽሐፉ፣ የሆቴል ባለሀብቱ ሁሉ ያንኑ ሰንሰለት ይከተላሉ። ከሰንሰለቱ ውጭ የቀረውን አገር የሚያየው በሕዝብ ማመላለሻ የሚሄድ፣ ጊዜ ያለው፣ ገንዘብ የሌለው መንገደኛ ብቻ ነው።

እኔ እንደማምነው ለዚህ መንገድ የሚበጀውም ያ መንገደኛ ነው። በቅንጦት መኪና ከባሕር ዳር የሚመጣው ጎብኚ ምሳውን ከሆቴሉ ቋጥሮ፣ ቅርሱን ለአንድ ሰዓት አይቶ ይመለሳል፤ ለሞጣ የሚተርፋት አቧራው ነው። ኪሱ ቀጭን የሆነው ደግሞ ቢቸና አልጋ ይይዛል፤ ጠዋት ፍርፍር ይበላል፤ መንገድ የሚያሳየው ወጣት ይቀጥራል፤ ደብረ ወርቅ ሲደርስ እንደገና ያድራል። የሚያወጣው ትንሽ ቢሆንም ብዙ እጅ ይደርሳል። ነገር ግን ቁጠባ በዚህ አገር የራሱ ደንብ አለው። የሚሸጠውን በዋጋው መክፈል፣ የማይሸጠውን ደግሞ ነፃ ነው ብሎ አለመቁጠር ነው ደንቡ። ይህ ሐተታ የተጻፈው ውጭ አገር የተወለደ የእኅት ልጅ ወይም የሥራ ባልደረባ «ጎጃምን በትንሽ ገንዘብ ማየት እፈልጋለሁ» ብሎ ሲጠይቀው መልስ ለሚያስፈልገው ሰው ነው።

ከሁሉ በፊት ሊታለፍ የማይገባ ነገር አለ። በአማራ ክልል ግጭት ተባብሶ በሐምሌ መጨረሻ 2015 ዓ.ም. የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። አዋጁ አንድ ጊዜ ተራዝሞ በግንቦት 2016 ዓ.ም. ጊዜው ቢያበቃም ውጊያው አላበቃም፤ ምሥራቅ ጎጃምም ክፉኛ ከተጎዱት አካባቢዎች አንዱ ነው። መንገድ ይዘጋል፣ ኢንተርኔት ይቋረጣል፣ መንገደኛ ይታገታል። ብዙ ኤምባሲዎች ዜጎቻቸው ወደ ክልሉ እንዳይሄዱ ያስጠነቅቃሉ፤ ማስጠንቀቂያውን ጥሶ የሄደ ሰው የጉዞ ኢንሹራንሱ ላይሠራለት ይችላል። ስለዚህ ዛሬ ተነሥቶ ይሂድ ብዬ የምመክረው እንግዳ የለም። የዛሬው ምክር መታገሥ ነው። መንገዱ ተከፍቷል በተባለ ጊዜም ወሬውን ማጣራት የሚቻለው ከአውቶቡስ ሾፌሮችና እዚያው ከሚኖር ሰው ነው፤ ያውም በጉዞው ዋዜማ። በአገሩ ሰው ላይ የደረሰው መከራ ከእንግዳ መቅረት ጋር የሚነጻጸር አይደለም። እንግዳው ሲመለስ ግን ከተሞቹ እንዴት እንደሚቀበሉት፣ እርሱም እንዴት እንደሚገባ ከወዲሁ ማሰብ ይቻላል።

እንግዳን ከገንዘብ ማጣት ይልቅ የሚያንገላታው ሰዓት ነው። ትኬት ቆራጩ «11 ሰዓት ተገኝ» ሲለው ከሌሊቱ 11 ማለቱ ነው፤ በእንግዳው ሰዓት አምስት። ይህን ያልነገሩት ሰው ረፋድ ላይ ሻንጣውን አንጠልጥሎ ባዶ መናኸሪያ ይደርሳል። የቀን መቁጠሪያውም እንዲሁ ነው። ከወረዳ የተሰጠው ደብዳቤ ላይ ያለው ዓመተ ምሕረት ከፓስፖርቱ ቪዛ በሰባት ወይም በስምንት ዓመት ወደ ኋላ ይሄዳል፤ የበዓልና የገበያ ቀንም የሚነገረው በእኛ ወር ነው። ስለዚህ ሰዓት በተባለ ቁጥር «በሐበሻ ነው በፈረንጅ?» ብሎ መጠየቅን ማስተማር የአንድ ቀን አልጋና የአንድ ትኬት ዋጋ ያተርፍለታል።

ከአዲስ አበባ በጠዋት የተነሣ አውቶቡስ ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ በረሃ ይወርዳል። በጃፓን መንግሥት ድጋፍ ተሠርቶ በ2000 ዓ.ም. ማብቂያ የተመረቀው የህዳሴ ድልድይ ከድሮው ድልድይ ጎን ቆሟል። እዚህ ካሜራ ማውጣት አያስፈልግም፤ ድልድይና ኬላ ፎቶ ማንሳት ሙሉ ቀን የሚያስቀር ጣጣ ያመጣል። ድሮንማ ያለ ፈቃድ ከቦሌም አያልፍም። ደጀን ወጥቶ ወደ ቢቸና የሚቀጥል ሰው ቀጥታ የሚሄድ መኪና ካጣ እዚያው ወርዶ ሚኒባስ ወይም ቅጥቅጥ ይይዛል። ታሪፉን ከረዳቱ ይልቅ አጠገቡ ከተቀመጠችው እናት ይጠይቅ፤ ሻጭ ያልሆነ ሰው ዋጋን በትክክል ይናገራል። ጣሪያ ላይ ለሚወጣ ሻንጣ የሚከፈለውንም ሳይጫን በፊት ይነጋገር። ከሁሉም ቃላት በፊት «ወራጅ አለ» የሚለውን ይልመድ። በቀን ብርሃን ደርሶ አልጋ መያዝ ከወጪም ከሥጋትም ይጠብቃል። ሴት መንገደኛ ከሴቶች ጎን ብትቀመጥ፣ አልጋ ስትይዝም ቁልፉን ከውስጥ ፈትሻ ብትከፍል መልካም ነው።

ቢቸናም ሞጣም ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናቸው። ቀን ፀሐዩ ይለበልባል፤ ሌሊት ብርዱ አጥንት ይገባል። ከሰኔ እስከ መስከረም መጀመሪያ ያለው ዝናብ የገጠሩን መንገድ ጭቃ ያደርገዋል። ጥቅምትና ኅዳር፣ ጤፉ ለአጨዳ ሲደርስ፣ ከሁሉ የተሻለው ወቅት ይመስለኛል። በፔንሲዮን የሚያድር ሰው የራሱን አንሶላና የጆሮ መድፈኛ ቢይዝ፣ ውኃ መኖሩን አይቶ ቢከፍል፣ ፍራሹንም ለትኋን ቢፈትሽ አይቆጭም። በገበያና በበዓል ዋዜማ አልጋ ቶሎ ይሞላል።

ምግብ በዚህ አገር የቀጭን ኪስ ወዳጅ ነው። ምሥራቅ ጎጃም የጤፍ አገር ነው፤ ሽሮውና በያይነቱ ከሥጋው ይረክሳል፣ ለሆድም አይከብድም። ረቡዕና ዓርብ፣ በዐቢይ ጾምም 55 ቀን፣ በትንንሽ ከተሞች የክርስቲያን ምግብ ቤት ሥጋና ወተት መጠየቅ ከንቱ ድካም ነው። ክርስቲያኑና ሙስሊሙ የየራሳቸው ሥጋ ቤት እንዳላቸውም ይወቅ። በሞጣ በታኅሣሥ 2012 ዓ.ም. መስጊዶች ተቃጥለዋል፤ እንግዳ ስለ ሃይማኖት የሚያነሳው ጥያቄ ያልሻረ ቁስል ሊነካ ይችላልና ሰዎቹ ራሳቸው ካላነሡት ዝም ማለት ይሻለዋል። የቧንቧ ውኃ ሳይፈላ አይጠጣ፤ ቡናና ሻይ ግን ፈልተው የሚቀርቡ ናቸው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ርካሽ ጉዞን የሚያስተምሩ የዓለም መጻሕፍት ሁሉ የሚያሞካሹት አንድ ምክር አለ፤ የአገሬው ሰው ቤት እደር፣ አልጋው ነፃ ነው የሚል። በሁለት እጁ እነሴ ወይም በእነብሴ ገጠር የመሸበት ሰው አጥር ሥር ቆሞ «የመሸብኝ እንግዳ ነኝ» ካለ፣ በደኅና ጊዜ በር አይዘጋበትም። ውኃ ቀርቦ እግሩ ይታጠባል። መደቡ ይለቀቅለታል። ዶሮ ካለች ትታረዳለች፤ ከሌለችም እንቁላል አይጠፋም። ጠላው ይቀዳል፣ «በሞቴ!» እየተባለ ይጎረሳል፣ ጠዋት ቡና ተፈልቶ ስንቅ ይቋጠራል። ሊሄድ ሲል «ስንት ልክፈል?» ብሎ ቦርሳውን ያወጣ እንደሆነ ባለቤቱ ፊቱ ይጠቁራል፤ ቤቱ ሆቴል ተብሎ ተሰድቧልና። እንግዳውም ገንዘቡን መልሶ ከትቶ፣ በማስታወሻ ደብተሩ ላይ «ዛሬ ምንም አላወጣሁም» ብሎ ይጽፋል።

ያ ሌሊት ግን ተከፍሎበታል። የታረደችው ዶሮ ለቅዳሜ ገበያ ተይዛ የነበረች፣ የልጅ ደብተርና የቤት ጨው የምትገዛ ዶሮ ትሆናለች። ለእንግዳው የቀረበው እንጀራ የነገ ምሳ ነበር። እግሩ የታጠበበትን ውኃ ጥግ ተቀምጣ በዓይናፋርነት ፈገግ የምትለው ልጅ ከምንጭ በጀርባዋ አምጥታዋለች። እንግዳ ሲበላ ልጆች ይጠብቃሉ፤ ከመሶቡ የሚተርፈው የእነርሱ ነው። ይህን የማያውቅ መንገደኛ ምግቡን ያከበረ መስሎት ጠርጎ ሲበላ፣ ባለቤቶቹ ደስ ይላቸዋል፣ ልጆቹ ግን ጦማቸውን ያድራሉ። ለእኔ በዚህ ጉዳይ ከሁሉ የሚያሳስበኝ ይህ ነው፤ ማንም ስለማይናገረው። ይሉኝታ የያዘው ባለቤት አይናገርም፣ እንግዳው አይጠይቅም፣ መጽሐፉም ዜሮ ብር ብሎ ያልፈዋል።

መፍትሔው ከአገሩ ወግ ውስጥ አለ። ባዶ እጅ ሰው ቤት አይገባም። ከከተማ ሳይወጣ ከሞጣ ወይም ከቢቸና ገበያ ቡና፣ ስኳር፣ ሳሙና ይግዛ፤ ለአንድ ቤት የሚሆን ቡናና ስኳር ከአንድ አልጋ ዋጋ ብዙ አይርቅም። የሚሰጠውም ሲገባ ነው፣ ለእመቤቲቱ፣ «ለቤት ነው» ተብሎ። ሲገባ የተሰጠ ስጦታ ነው፤ ሲወጣ የተሰጠ ግን ክፍያ ይመስላል። ገንዘብ መስጠት ከፈለገ ለልጆቹ ደብተር ብሎ በአያት ወይም በቤቱ ሽማግሌ እጅ ያኑር። ሁለት ጊዜ ጎርሶ፣ «እግዜር ይስጥልኝ፣ ጠገብኩ» ማለትን ሳይሰለች ደጋግሞ፣ መሶቡ ላይ እንጀራ ይተው። በጾም ቀን የተለየ ነገር አይጠይቅ። አንድ ሌሊት ይበቃዋል፤ መሰንበት ካማረው ከተማ ወርዶ አልጋ ይከራይ። ፎቶ ካነሣቸው ደግሞ አሳትሞ ይላክላቸው፤ ቃል ገብቶ የማይልከው መንገደኛ ለቀጣዩ እንግዳ በር ይዘጋል።

ጎጃም በትንሽ ስንቅ መጓዝን ከማንም የተማረ አገር አይደለም። ከወሎ፣ ከጎንደር፣ ከሸዋ ተነሥቶ ቅኔ ፍለጋ ዲማ ወይም ዋሸራ የሚገባው የቆሎ ተማሪ ለዘመናት በእግሩ ተመላልሶበታል። ደበሎ ለብሶ፣ አኮፋዳ አንግቶ፣ ዱላ ይዞ በየደጁ «በእንተ ስማ ለማርያም» ይላል። የሰጡትን ቁራሽ ይቀበላል፤ አያማርጥም፣ «ግባ» ካልተባለ ደጃፍ አያልፍም። መንደሩም የሚሰጠው በከንቱ አይደለም፤ ነገ ዲያቆኑ፣ ቄሱ፣ መሪጌታው የሚወጣው ከእነዚህ ልጆች መካከል ነው። ድሃ ተጓዥ በዚህ አገር ክብር ያለው እንዲህ ስለሆነ ነው፤ የሚቀበለውንም የሚመልሰውንም ያውቃል። በእስያ በኩል ከቅርብ ዓመታት ወዲህ የታየው ነገር የዚህ ተቃራኒ ነው። ከሀብታም አገር የሄዱ ወጣቶች በታይላንድና በኢንዶኔዥያ ጎዳናዎች «ዓለምን እንድዞር እርዱኝ» የሚል ወረቀት ይዘው ሲለምኑ ታይተዋል፤ የባሊ የኢሚግሬሽን ባለሥልጣናት በ2011 ዓ.ም. እንዲህ ያለውን ሰው ይዘው ለየኤምባሲው እንደሚያስረክቡ አስታውቀው ነበር። የድሃን ደጅ ለደስታ ጉዞ መጥናት ነውር ነው፤ የኛ ሰው ነውርነቱን ባይናገርም።

የቆሎ ተማሪው ዱላ ለውሻ ነው። የገጠር ውሻ ዛሬም ዱላ ይፈልጋል፣ አገራችንም ከእብድ ውሻ በሽታ አልጸዳችም። ክትባቱ በትንሽ ከተማ ጤና ጣቢያ ላይገኝ ስለሚችል እንግዳው ከአገሩ ሳይነሣ ይከተብ። የተነከሰ ሰው ቁስሉን በውኃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ አጥቦ፣ ሳይውል ሳያድር ሐኪም ቤት መድረስ አለበት። ወባ በከተሞቹ ከፍታ ብዙም አያሠጋም፤ ወደ ዓባይ በረሃ የሚወርድ ግን አጎበርና መድኃኒት ያስፈልገዋል።

ስለ ገንዘብ። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ተደርጓል። በባንክ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ወራት ከእጥፍ በላይ ሆነ። ለእንግዳው አገሩ ረከሰለት፤ ለሚያስተናግደው ሰው ዘይቱም ስኳሩም ተወደደበት። «በጣም ርካሽ ነው!» የሚለውን ቃል እዚያው አፍ ውስጥ ማስቀረት ይገባዋል። ዶላሩን አዲስ አበባ በባንክ ይመንዝር፤ በየመንገዱ መመንዘር ሕገ ወጥ ነው፣ የሚያስከፍለውም ከሚያተርፈው ይበልጣል። በትንሽ ከተማ የውጭ ካርድ ይሠራል ብሎ መተማመን አይገባም። ፓስፖርቱን አሳይቶ ሲም ካርድ ካወጣና ቴሌብር ከከፈተ ይጠቅመዋል፤ ኔትወርክ በጠፋ ቀን የሚያድነው ግን ዝርዝር ብር ነው። ውጭ ተወልዶ የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ፣ ቢጫ ካርዱን፣ የያዘ ልጅ ደግሞ ቪዛ አይከፍልም፤ ይህም ብዙ ሌሊት ያሳድራል።

ገዳማቱ ሌላ ዓይነት ዝግጅት ይፈልጋሉ። መርጡለ ማርያም ከዋናው መንገድ ወደ ዓባይ በኩል ገባ ያለች ናት። ወደ ፖርቱጋል መልእክተኛ የላኩት ንግሥት እሌኒ በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ያሠሩት ቤተ ክርስቲያን የተጠረበ ድንጋዩ እስከ ዛሬ ቆሞ ይታያል፤ በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጎጃም የተቀመጠው እንግሊዛዊው ቻርልስ ቤክ ስለ ፍርስራሹ ጽፎ አሳትሟል። እንዲህ ያለ ቦታ ፈረንጅ ሆኖ ድንገት ደጃፍ መቆም አይበጅም። በዞኑ ወይም በወረዳው ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት በኩል ደብዳቤ ይዞ ለቤተ ክርስቲያኑ አስተዳዳሪ ማቅረብ ቀን ይፈጅ ይሆናል፤ ደብዳቤው ግን ዕቃ ቤት ያስከፍታል። ጫማ ይወለቃል፣ ሴት ራሷን ትሸፍናለች፣ ሴት የማይገባበት ቅጥር እንዳለም አስቀድሞ ይጠየቃል። መግቢያ ተከፍሎ ደረሰኝ ይወሰዳል። የተከፈለው የት እንደገባ የሚታወቀው በደረሰኝ ነውና «አያስፈልግም» የሚል እንግዳ ለቅርሱም ለካህናቱም አያግዝም። በጸሎት ሰዓት ካሜራ አይወጣም። ብራና ልሽጥልህ የሚል ሰው ከመጣ መልሱ አንድ ብቻ ነው፤ የተሸጠ ብራና የተዘረፈ ብራና ነው።

ሞጣ ከእቴጌ ምንትዋብ ልጅ ከወለተ እስራኤል ስም ጋር የምትነሣ ከተማ ናት። የወለተ እስራኤል ልጅ ራስ ኃይሉ ጎጃምን ገዝተዋል። ከሞጣ ወደ ዓባይ የሚወርደው የእግር መንገድ ሰባራ ድልድይ ያደርሳል። ድልድዩ በዐፄ ፋሲል ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1660 ገደማ ተሠርቶ ጎጃምንና ጎንደርን ሲያገናኝ ኖሮ፣ በጣሊያን ወረራ ጊዜ መካከሉ ተሰበረ። ከዚያ ወዲያ ለብዙ ዐሥርት ዓመታት ሰው የሚሻገረው በገመድ እየተጎተተ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2001 አንድ አሜሪካዊ የግንባታ ሰው፣ ኬን ፍራንትዝ፣ ይህን የሚያሳይ ፎቶግራፍ ናሽናል ጂኦግራፊክ መጽሔት ላይ አየ። በዓመቱ ከአካባቢው ሰው ጋር ሆኖ ስባሪውን በብረት ገጠመው፤ ያቋቋመው ብሪጅስ ቱ ፕሮስፐሪቲ የተባለ ድርጅትም ከዚያ ተነሥቶ በብዙ ድሃ አገሮች የእግረኛ ድልድይ ሠራ። የሰባራ ድልድይን ጥገና እ.ኤ.አ. በ2005 ጎርፍ ወሰደው፤ በ2009 ተንጠልጣይ ድልድይ ተተካ። ይህን ያነሣሁት እንግዳው ሁሉ ድልድይ ሠሪ ይሁን ለማለት አይደለም። ከሰንሰለቱ የወጣ አገርን አንድ ሰው ቀርቦ ካየው፣ ያየውንም ለሌላ ካሳየው ምን እንደሚከተል ስለሚያመለክት ነው። ወደዚያ የሚወርድ መንገደኛ በማለዳ ይነሣ፣ ውኃ ይያዝ፣ የሚያውቅ ሰው ይቅጠር፤ ቁልቁለቱ ሲመለስ ዳገት ነው። የአስጎብኚውን ዋጋ ተከራክሮ ማውረድም አይገባውም፤ የዚያ ወጣት የቀን ገቢ ነው።

ሌላ አገር ሌላ መንገድ መርጧል። ቡታን ጎብኚ በብዛት እንዳይመጣባት እያንዳንዱን በየሌሊቱ ቀረጥ ታስከፍላለች፤ እ.ኤ.አ. በ2022 200 ዶላር የነበረውን በ2023 ወደ 100 አውርዳዋለች። እንዲህ ያለው ሥርዓት ሆቴልና አውሮፕላን ማረፊያ ተሟልቶለት ሀብታም ለሚጠብቅ አገር ይሠራ ይሆናል። ቢቸና የሚያስፈልጋት ግን በሕዝብ መኪና የሚመጣ፣ በፔንሲዮን የሚያድር፣ ሽሮ የሚበላ ሰው ነው፤ ለእርሱ የሚያስፈልገው አብዛኛው ነገር አሁንም አለ። የአየርላንዷ ጸሐፊ ደርቭላ መርፊ በ1959 ዓ.ም. በቅሎ እየነዳች የሰሜን ኢትዮጵያን ደጋ በእግሯ ስታቋርጥ ከመንደር ጎጆ የተሻለ ማደሪያ አልፈለገችም። ተዘርፋም ነበር፤ ሆኖም በመጽሐፏ ላይ ሰውን አመስግናለች።

የከተሞቹ ድርሻ ግን አልተሟላም። በየፔንሲዮኑ ግድግዳ ላይ ለሁሉም አንድ የሆነ ዋጋ በቁጥር ቢለጠፍ «የፈረንጅ ዋጋ» የሚለው ጭቅጭቅ ይቀራል፤ ቁጥር ማንበብ የማይችል እንግዳ የለም። መናኸሪያው የአውቶቡስ መነሻን በሁለቱም ሰዓት ቢጽፍ ወጪው አንድ ሰሌዳ ነው። በብስክሌት የሚጓዙ የውጭ ሰዎች በአገራችን መንገዶች ላይ ልጆች ድንጋይ እንደሚወረውሩባቸው ደጋግመው ይናገራሉ፤ ይህን ማስቆም የሚችለው ፖሊስ ሳይሆን የየመንደሩ መምህርና የንስሐ አባት ነው። እንግዳውም በበኩሉ «ሃይላንድ! ሃይላንድ!» እያለ ለሚሮጠው ልጅ ባዶ ጠርሙስና ከረሜላ አይወርውር፤ ለትምህርት ቤት መርዳት ከፈለገ ለርዕሰ መምህሩ ይስጥ።

አዲስ አበባ ተቀምጦ እንግዳ የሚልክ ሰው ደግሞ አንድ ነገር ሊያደርግለት ይችላል። በአማርኛ አጭር ወረቀት ጽፎ በፓስፖርቱ ውስጥ ያስቀምጥለት። ስሙ ማን እንደሆነ፣ ከየት አገር እንደመጣ፣ ወዴት እንደሚሄድ፣ ምን እንደማይበላ፣ ሲታመም ማን ዘንድ እንደሚደወል፣ ስልኩም በትልልቁ ይጻፍበት። ከታች የላኪው ስምና ፊርማ ይኑርበት። ኬላ ላይ ለሚጠይቀው ወታደር፣ አልጋ ለሚያከራየው፣ በር ለምትከፍትለት እናት አንድ ዓይነት ጥቅም ይሰጣል፤ ሰውየው የማን እንግዳ እንደሆነ ይነግራቸዋል።